ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ ግን አያይም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ዓይን መንሸዋረር የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ኋላ መነጽሬን አድርጌ ተቀምጬ። ጸሐፊው ነገሩን በጠራ አማርኛ አቅርበውታል። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የልጆች ሸውራራነት ከመልክ ያለፈ ጉዳት ስለሌለው ወላጆች ሳይጨነቁ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪወስን መጠበቅ ይችላሉ የሚለው ነው። ይህን ምክር እኔ ከዓመታት በፊት ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምቼ ተከትየዋለሁ። ዋጋውን የከፈለችው ልጄ ናት። ስለዚህ እንዳርመው ይፈቀድልኝ።

በደሴ ከተማ 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዓይንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ኮርኒያውን (የፊቱን የጠራ ሽፋን)፣ ሌንሱን፣ ሬቲናውን (ምስል የሚያርፍበትን የኋላ ግድግዳ) በነጭ ጠመኔ እስላለሁ፤ ምስሉ ተገልብጦ ሲያርፍ በቀይ አሳያለሁ፤ ከኳሱ በስተጀርባ አንዲት ጭራ አወጣና «የእይታ ነርቭ» ብዬ እጽፍባታለሁ። ደወሉ ይደወላል። ከዚያች ጭራ በኋላ ስላለው መንገድ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

የመጨረሻ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ማዘንበል ጀመረ። በተለይ ሲደክማትና ቅርብ ነገር ላይ ስታተኩር ይብስባታል። እናቷ ተጨነቀች። አያቷ «ያምርባታል፣ ልጅቱን ተዉአት» አሉ። ያሳየናት አንድ የጤና ባለሙያም ስታድግ ይስተካከላል ብሎ መለሰን። እኔ ደግሞ ነገሩን ለመመርመር ከሁሉም ሰው የተሻለ ዕውቀት ነበረኝ፤ ግን የሚያጽናናኝን ቃል መረጥኩ።

ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷ ቡና መቅዳት አስተማረቻት። ከጀበናው የሚወርደው ቡና ከሲኒው ወዲህ ወይም ከሲኒው ወዲያ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል። ደረጃ ስትወርድ መጀመሪያ በእግሯ ጫፍ ትፈትሻለች። ኳስ ሲወረወርላት እጇን የምታነሣው ኳሱ ፊቷን ከመታት በኋላ ነው። «እጅሽን ምን ነካው?» እያልኩ እቆጣት ነበር። እንደዚያ ያልኳት ቀናት አንድ በአንድ ይታወሱኛል።

በ11 ዓመቷ ከልጆች ጋር ስትጫወት እሾህ የቀኝ ዓይኗን ሽፋሽፍት ጫረው። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ታጥቦ መድኃኒት ተቀብቶ ለሁለት ቀን በጨርቅ ተሸፈነ። ቤት ስንደርስ የበሩን መቃን በግንባሯ ገጨችው። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ቆመችና «አባዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታው ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በመሣሪያው ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሌንሷ የጠራ፣ ሬቲናዋ ንጹሕ፣ የነርቩ ጫፍም ደህና መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ዓይኗ ጤነኛ ነው፤ ግን አያይም» አለ። በግራ ዓይኗ የሐኪሙን ጣት ከመቁጠር አልፋ ከሰንጠረዡ ትልቁን ምልክት እንኳ አልለየችም። ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ ከተማውን በሚሸፍነው ጭጋግ ውስጥ ሆኖ ሰው ለመለየት እንደመሞከር ነው ብሎ አስረዳኝ። ሕመሙን በብዙዎች ዘንድ በሚታወቅበት ስም «ሰነፍ ዓይን» ብሎ ጠራልኝ። ይህን ስም አልወደውም። ዓይኑ ሥራ ተነፈገ እንጂ አልሰነፈም።

ያን ሳምንት ሐኪም ከሆነ የቀድሞ ተማሪዬ መጻሕፍት ተዋስኩና ከዚያች ጭራ በኋላ ያለውን መንገድ በ50ዎቹ ዕድሜዬ መማር ጀመርኩ።

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ የራስ ቅል ነርቮች 12 ጥንድ ናቸው። ሁለተኛው የእይታ ነርቭ ሲሆን ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ይዞ ይጓዛል። ዓይንን የሚያዞሩት ሌሎች ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው። እያንዳንዱን ዓይን ከሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች አራቱ በሦስተኛው ነርቭ ሥር ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ነርቮች አንድ አንድ ጡንቻ ብቻ ያዝዛሉ። ሦስተኛው ነርቭ ሌላም ሥራ አለው። ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ሌንሳችን እንዲወፍር የሚያደርገው እሱ ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደ ጥማድ በሬ አብረው የተጠመዱ ናቸው፤ ሌንሱ ሲወፍር ዓይኖቹም ወደ አፍንጫ ይሰበሰባሉ።

የልጄ ችግር መነሻ እዚህ ነበር። የዓይኖቿ ኳስ ከሚገባው አጠር ያለ ስለነበር ምስሉ ሬቲናው ላይ በትክክል አያርፍም። አጥርታ ለማየት ሌንሷን ሁልጊዜ ማስጨነቅ ነበረባት፤ ሌንሷን ባስጨነቀች ቁጥር ዓይኗ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘላት ተራ መነጽር ነው። ስታደርገው ዓይኗ ቀጥ አለ። በክፍሉ ውስጥ ዝም አልኩ። በሦስት ዓመቷ ይህ መነጽር ቢደረግላት ኖሮ ዓይኗ ያኔውኑ ይቃና ነበር፤ ከኋላ ያለው መንገድም ባልተዘጋ።

ስለ መንገዱ ልናገር። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከአንጎል ሥር መስቀለኛ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የሚነሡት ክሮች ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራሉ፤ የውጭው ግማሽ ክሮች ግን ሳይሻገሩ በወገናቸው ይቀጥላሉ። ስለዚህ የግራው አንጎላችን ከሁለቱም ዓይኖች የቀኙን ዓለም ይቀበላል፤ የቀኙ አንጎል ደግሞ የግራውን። ኒውተን በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ ይህን ገምቶ ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሮቹ ከዚያ በአንጎል መሃል ወዳለ ትንሽ ጣቢያ ይገባሉ። ጣቢያው እንደተደራረበ እንጀራ ስድስት ንብርብር አለው፤ ሦስቱ የአንዱ ዓይን፣ ሦስቱ የሌላው፤ አይቀላቀሉም። የሁለቱ ዓይኖች ወሬ መጀመሪያ የሚጣመረው ከዚያ ቀጥሎ፣ ከማጅራት በላይ ባለው የአንጎል የኋላ ክፍል ነው። ሁለቱ ምስሎች እዚያ ሲነጻጸሩ ሲኒው ምን ያህል እንደሚርቅ እናውቃለን። የልጄ ቡና የሚፈስሰው ለዚህ ነበር። እጇ ምንም አልነካውም።

የማየት ሥፍራ ከኋላ መሆኑን በዝርዝር ካሳዩት አንዱ ታትሱጂ ኢኖውዬ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በ1904 እና በ1905 በተደረገው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ጥይት የራስ ቅላቸውን በስቶ ያለፈባቸውን ወታደሮች እይታ እንዲለካ ተመደበ፤ ዓላማው የጡረታ አበላቸውን መወሰን ነበር። ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቦታ፣ ወታደሩ የማያየውን የእይታ ክፍል እያስተያየ በአንጎል ላይ የእይታን ካርታ ሠራና በ1909 አሳተመ። ዓይናቸው ምንም ያልሆነ ሰዎች የዓለምን አንድ ክፍል ሳያዩ እንደሚኖሩ በዚህ በግልጽ ታየ።

ለልጄ ጉዳይ መልስ የሰጡኝ ግን የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሁበል እና ቶርስተን ቪሰል ናቸው። አንዱ በካናዳ፣ ሌላው በስዊድን የተወለዱ ናቸው፤ በ1958 በአሜሪካ ባልቲሞር ተገናኝተው አብረው መሥራት ጀመሩ። በድመት አንጎል የኋላ ክፍል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው አንድ የነርቭ ሕዋስ ምን ሲያይ እንደሚነቃ ያዳምጡ ነበር። ነጥብ አሳዩት፤ ሕዋሱ ዝም አለ። ነጥቡ ያለበትን መስታወት ሲቀያይሩ የመስታወቱ ጠርዝ ጥላ እንደ መስመር ሲያልፍ ሕዋሱ በድምፅ ማጉያው ላይ ተንጣጣ። የሚጠብቀው ነጥብን ሳይሆን መስመርን ነበር፤ ያውም በተወሰነ አቅጣጫ ያጋደለ መስመርን።

በ1963 ያሳተሙት ሥራ ሌላ ነው። ግልገል ድመቶች እንደተወለዱ የአንድ ዓይናቸውን ቆብ ሰፍተው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ከፈቱት። ዓይኑ ንጹሕ ነበር፤ ብሌኑም ለብርሃን ይጠብባል። ደህናው ዓይን ሲሸፈን ግን ድመቷ እንደ ዕውር ትሄዳለች። ወደ አንጎሉ የኋላ ክፍል ሲገቡ ለተዘጋው ዓይን የሚመልስ ሕዋስ ከሞላ ጎደል አልነበረም። ያደገችን ድመት ዓይን ለተመሳሳይ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱት ግን ምንም አልሆነችም። ሁለቱንም ዓይን በአንድነት ሲዘጉ ደግሞ ጉዳቱ እንደጠበቁት በእጥፍ አልከፋም፤ እንዲያውም በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ቀለል ብሎ ተገኘ። ይህን ሳነብ የአባቴ እርሻ ትዝ አለኝ። ጦም ያደረ ማሳ ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋ ድንበሩን ይወስደዋል። ሁለቱም ገበሬዎች ካላረሱ ግን ድንበር የሚገፋ የለም። በልጅ አንጎል ውስጥም ደህናው ዓይን የደካማውን መሬት በየዕለቱ እየገፋ ይወስደዋል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ መሬቱን ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። ሁለቱ ሰዎች በ1965 የግልገል ድመቶችን የዓይን ጡንቻ ቆርጠው ሸውራራ አደረጓቸው፤ ሁለቱን ዓይኖች የሚያጣምሩት ሕዋሳት በብዛት ጠፉ። በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለግልገሎቹ አዝኛለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ዛሬ የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ሐኪሞች የሚቸኩሉት ከዚህ ሥራ በተማሩት ነው።

ጸሐፊው የልጅንና የአዋቂን መንሸዋረር አንድ አድርገው ማየታቸውም ስሕተት ይመስለኛል። አዋቂ ሰው በስኳር ሕመም ወይም በአደጋ ከሦስቱ ነርቮች አንዱ ቢጎዳበትና ዓይኑ ቢንሸዋረር አንዱን ነገር ሁለት ሆኖ ያየዋል፤ ስለሚያስጨንቀውም ሮጦ ሐኪም ቤት ይሄዳል። (ከድርብ እይታው ጋር የዓይኑ ቆብ ከወደቀ፣ ብሌኑ ከሰፋና ራሱን በኃይል ካመመው ያው ሰዓት ሊሄድ ይገባዋል፤ በአንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል።) ትንሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት አያይም። አንጎሉ ገና ለጋ ስለሆነ የተንሸዋረረውን ዓይን ወሬ አፍኖ ያስቀረዋል። ስለዚህ አያማርርም። ልጄ አንድም ቀን «አይታየኝም» ብላ አታውቅም፤ በአንድ ዓይን ማየት ለእሷ የማየት ትርጉሙ ነበር።

ሕክምናው ቀላል ነው። መነጽር ይደረጋል፣ ደህናው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፣ ወይም በጠብታ ይደበዝዛል። በአሜሪካ በ2003 ይፋ በሆነ ጥናት ጉዳታቸው መካከለኛ ለሆነ ሕፃናት በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ ተረጋግጧል። በ2005 ደግሞ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ተፈትነው ከመነጽር በተጨማሪ የመሸፈንና የጠብታ ሕክምና ያገኙት 53 በመቶ፣ መነጽር ብቻ ያደረጉት 25 በመቶ መሻሻል አሳይተዋል። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ ወላጅም ተስፋ አይቁረጥ። እኛ ቀኝ ዓይኗን በየማታው ሁለት ሰዓት ሸፈንን። በዚያ ሰዓት እናቷ ምስር በሰፌድ ሰጥታ ታስለቅማት ነበር። መጀመሪያ ሳምንት ጠጠሩን ከምስሩ መለየት አቅቷት አለቀሰች፤ በአራተኛው ወር ከእኔ ፈጥና ትለቅም ነበር። ጣት ከመቁጠር ተነሥታ የሰንጠረዡን ሦስተኛ መስመር ማንበብ ቻለች። ከዚያ አላለፈችም። ርቀት የመለየት ችሎታዋም አልተመለሰም። አሁን 19 ዓመቷ ነው፤ ቡና ስትቀዳ የጀበናውን አፍ ከሲኒው ጠርዝ አስነክታ ነው የምትቀዳው።

ይህ ጉዳት በአገራችን በቁጥር አይታይም። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ሰው ዓይነ ስውር ተብሎ የሚመዘገበው በተሻለው ዓይኑ ተለክቶ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት መለኪያም ይኸው ነው። አንድ ዓይኗ ፈጽሞ የማያይ፣ ሌላው ደህና የሆነ ልጅ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም። እሾሁ ደህናውን ዓይን በደንብ ቢወጋው ኖሮ ልጄ በአንድ ቀን ከጤነኞች ተርታ ወጥታ ከዓይነ ስውራን ጋር ትቆጠር ነበር።

ለወላጆች ሁለት ነገር ልጨምር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ዓይኑ አልፎ አልፎ ቢዋልል ብዙ አያስፈራም፤ ከዚያ በኋላ ያለ መንሸዋረር ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በተለይ በስልክ ብልጭታ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አንዱ ዓይን ቀልቶ ሌላው ነጭ ከሆነ፣ ቀን አትቁጠሩ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃናት የሬቲና ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር አንዳንዴ ራሱን መጀመሪያ የሚገልጸው በመንሸዋረር ነው። «ከመልክ ያለፈ ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል ያስቆጣኝ ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። በቸልታ የታለፈው ዓይን ሕይወትም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ለትምህርት ኃላፊዎችና ለርዕሳነ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ በጀት አይፈልግም። በመስከረም ምዝገባ ላይ የልጁን የልደትና የክትባት ወረቀት እንጠይቃለን። አፀደ ሕፃናት በሚገቡበት ቀን እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው ይለካ። የሕፃናት ዓይን ሐኪም የሚገኘው በጥቂት ከተሞች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለመለየት ግን ሐኪም አያስፈልግም፤ መምህር ይበቃል። እኔ በሰፈሬ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይህን እሠራለሁ። ነጭ ካርቶን ላይ ሦስት እግር ያላትን የላቲን ፊደል፣ «ኢ» የምትባለዋን፣ ቁመቷን 17.5 ሚሊ ሜትር አድርጌ በጥቁር ቀለም ሣልኩ። ልጁን ስድስት ሜትር ላይ አቆመዋለሁ፤ ካርቶኑን አዟዙሬ እግሮቿ ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ዓይኑ በወረቀት እንጂ በእጁ አይሸፈንም፤ ልጆች በጣታቸው መሃል አጮልቀው ያያሉ። በአንድ ዓይን የሚያሳየኝን በሌላው ካቃተው ለወላጁ ደብዳቤ እጽፋለሁ። እስካሁን እንዲህ ያሉ ሦስት ልጆች አግኝተናል። ሦስቱም ዓይናቸው ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ማንም አልጠረጠራቸውም። አንደኛዋ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ወር መነጽሯን አድርጋ መጥታ አሳየችኝ።

ካርቶኑን ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሠርቼ፣ የስድስት ሜትሩን ገመድም ለክቼ በነጻ እሰጣለሁ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ አስቀምጫለሁ።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ከደሴ